የኅዳር ጽዮን ጽዋ

ጂፑ ከኋላዋ መጥቶ ቀሚሷን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ቆመ። ሠርካለም ከእንዳ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወደ ዓባ ሻውል ሠፈር በሚጎርፈው ነጭ ለባሽ መካከል ነጠላዋን እየሰበሰበች ትጣደፍ ነበር፤ ታቦቱን ሸኝተው ሲመለሱ የምትኖርበት ቤት ልጅ ኣምለሰት ከክንዷ ተላቅቃ በግፊያው ውስጥ ጠፍታባታለች። ሕዝቡ የወታደር መኪና መሆኑን ሲያይ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ለቀቀ። ቀና ብሎ ያየ ግን አልነበረም።

«ግቢ፣ ሠርኪ» አለ ሻምበል አስፋው በሩን ከውስጥ ገፋ አድርጎ።

«ጋሼ! እንኳን አደረስዎ። ቤት ደርሻለሁ እኮ፣ እዚህ ጋ ነው።»

«የት እንደሆነ አውቃለሁ። ግቢ።»

ሻምበል አስፋው የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። ከደብረ ብርሃን አምጥቶ አስመራ፣ ከጣሊያን መነኮሳይት ኮሌጅ ያስገባት እሱ፤ «ላጤ ሴት ልጅ ወታደር ሰፈር አላስቀምጥም» ብሎ ከወይዘሮ ሣህሊቱ ቤት ያስጠጋትም እሱ። እናቷ ስትሸኛት «አይዞሽ፣ የምትሄጂው አገርሽ ነው» ብላት ነበር። ሠርካለም አገሯ መሆኑን ለማመን ከመስከረም ጀምራ ስትታገል ቆየች። ትምህርቱ በጣሊያንኛ ነው። ቁርሱ ዳቦ በሻሂ ነው። ሱቅ ገብታ በአማርኛ «ሳሙና አለ?» ስትል ወሬው ቀጥ ይላል፤ ባለ ሱቁ ሳሙናውን በአክብሮት ጠቅልሎ ይሰጣታል፤ ወሬው የሚቀጥለው እሷ ከወጣች በኋላ ነው። ባሕር ተሻግረው የሄዱ ተማሪዎች ቢያንስ ባዕድ መሆናቸውን የሚመሰክር ፓስፖርት በኪሳቸው አለ። እሷ ባዕድነቷን ለማን ትንገር? በዚያው በኅዳር ወር መጀመሪያ ምክር ቤቱ ተዘግቶ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ የተባለ ዕለት፣ ኮሌጅ ውስጥ አንድ ልጅ ጠጋ ብሎ «እንኳን ደስ አለሽ» አላት። ፊቱ ላይ ደስታ የሚባል አልነበረም። ቤት ስትገባ ደግሞ ወይዘሮ ሣህሊቱን መስኮቱን ዘግተው፣ እሳት ሳያነዱ፣ ሬሳ እንደወጣበት ቤት ሰው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

ስለዚህ የምትተነፍሰው እሑድ ነው። እሑድ እሑድ አጎቷ ምሳ ይጋብዛታል፤ ሳምንቱን ሙሉ ታፍኖ የከረመው አማርኛዋ እንደ ክረምት ወንዝ ይለቀቃል። ያየችውን፣ የሰማችውን፣ የሳቀችበትን ሁሉ ታወራለታለች። እሱም ጥሩ አድማጭ ነው።

ጂፑ አልተንቀሳቀሰም። ሻምበል አስፋው መሪውን ይዞ ፊት ለፊት እያየ፣

«ማኅበሩ ዛሬ እናንተ ቤት ነው፣ አይደል?» አላት።

«አዎ። የዚህ ወር ባለ ጽዋ እማማ ሣህሊቱ ናቸው።»

«ከከረን የምትመጣዋ ገብታለች?»

«የትኛዋ?»

«አንቺው የነገርሽኝ ናታ! በሊቶሪና ባቡር የምትመጣው፣ ዘይቱን የምታመጣላችሁ። ስትዘምር ቤቱ ጸጥ ይላል ያልሽኝ። ዘቢብ አይደል ያልሽኝ ስሟን?»

ሠርካለም እጇን ወደ በሩ እጀታ ሰደደች።

«ሴትዮዋ ዘይቱን ብቻ አይደለም የምታመላልሰው» አለ ሻምበል፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ቆላ ካሉት ሽፍቶች ጋር ወረቀት ትለዋወጣለች። መልኳን የሚያውቅ ሰው የለንም። ስሟንና ማኅበሯን ያገኘነው ካንቺ ነው። አትደንግጪ፤ ክፉ አልሠራሽም። ፀሐይ ስትጠልቅ እንኳን አደረሳችሁ ልል እመጣለሁ። አጎትሽ ነኝ፣ ማን ይገረማል? አንድ ዋንጫ ሱዋ እጠጣለሁ። አንቺ እንግዶቹን በየስማቸው ታስተዋውቂኛለሽ። በቃ። ሰው ማስተዋወቅ ወግ ነው። እሷ ወደ ማደሪያዋ ስትሄድ ከቤታችሁ ርቃ ትያዛለች፤ አንቺን የሚጠረጥር የለም።»

«ቤቱን የመረጡልኝ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

«ዝም ብዬ የመረጥኩት መስሎሽ ነው?»

አልተቆጣም። ይልቅ እንደ ልጅነቷ ጊዜ አገጯን በጣቱ ነካ አደረጋት። ሠርካለምን ያስፈራት ይኸው ነበር፤ ጣቱ ዛሬም ያው የአጎቷ ጣት መሆኑ።

ከጂፑ ወርዳ ወደ ሠፈሩ ጠባብ መንገድ ስትታጠፍ፣ መንገዱ አፍ ላይ ሦስት ወታደሮች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ለውዝ ሲፈለፍሉ አየች። አንደኛው በደብረ ብርሃን ሰው ዜማ «እንኳን አደረሰሽ፣ እህቴ» አላት። ከመስከረም ጀምሮ መንገድ ላይ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። መልስ ሳትሰጠው አለፈች።

ኣምለሰት በር ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። ስልክ ቤት ኦፔራተር ናት፤ ቀኑን ሙሉ «አለው፣ አለው» ስትል ስለምትውል ድምፏ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይንቋቋል።

«ወይ ጉድ! እኔ ጠፍታ ቀረች ብዬ፣ እሷ በማኪና ትመጣለች! ጎረቤት ሁሉ አይቶሻል። ሻምበል ነው?»

«እሱ ነው።»

«ምነው ፊትሽ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«እማማ የት ናቸው?»

ወይዘሮ ሣህሊቱ ጓዳ ውስጥ ሱዋ እያጠለሉ ነበር። ሃምሳ ዓመት የተጠጋቸው፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው፤ ሳምንቱን በፋብሪካ ሸሚዝ ሲሰፉ ይውላሉ። ሠርካለም ደጃፉ ላይ ቆማ አንዴ ጀመረችው፤ ከጀመረች በኋላ አላቋረጠችም። እሑዶቹን፣ ምሳውን፣ ሊቶሪናውን፣ ዘይቱኑን፣ መንገዱ አፍ ላይ ያሉትን ወታደሮች። ማኅበሩ ጸሎት ሲያበቃ «ጓለይ፣ ልጄ፣ አንቺ ትምህርትሽን አጥኚ» ተብላ ወደ ክፍሏ በተላከች ቁጥር፣ ሌላ ነገር እንዳለ ጠርጥራ እንዳላወቀች ሆና መኖሯን ጭምር ተናገረች። እናቷ ደጋግማ የምትለው «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው ነገር ሲመጣባት ብቻ ፊቷን ወደ ደጃፉ መለሰች።

ወይዘሮ ሣህሊቱ ማጥለያውን አላስቀመጡም።

«ስሟን ነገርሽው?»

«እወ፣ ነገርኩት።»

«የማንን ስም ሌላ?»

«የማንንም። እሷ ስለዘመረች ነው። ደስ ስላለኝ።»

ኣምለሰት ከኋላ ሰምታለች። ሠርካለምን ክንዷን ይዛ ወደ ራሷ አዞረቻት። «አንድ አልጋ ላይ ነው የተኛነው! እግርሽ ሲበርድሽ እግሬ ላይ ያሞቅኩሽ እኔ አይደለሁም? እሑድ እሑድ ለሱ የምትሸጪን?»

«አልሸጥኳችሁም። አወራሁ።»

«ምን ለየው!»

«ተዪያት» አሉ ወይዘሮ ሣህሊቱ። «ዘቢብ አሁን ብቻዋን ብትወጣ ለወታደሮቹ ስሟን ጽፈን እንደሰጠናቸው ነው። ሻምበሉ ሲመጣ በር ብንዘጋበትም ያው። በማርያም ቀን በር አይዘጋም። ማኅበሩ ይቀጥላል።» ከዚያ ሠርካለምን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩአት። «አንቺም ትቀመጫለሽ። ዛሬ ወደ ክፍልሽ አትሄጂም።»

ይህ ግብዣ ይሁን እስራት ሠርካለም አልለየችውም።

ቤቱ ባለ አንድ መስኮት የድንጋይ ቤት ነው። ሴቶቹ በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ የጎረቤት ባልቴቶች ናቸው። ዘቢብ ከጥግ፣ ሳጥን ላይ። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ቀጭን፣ ነገሩ ተነግሯት እንኳ ከቦታዋ ያልተነሣች ሴት። በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ መካከል ላይ ከሕምባሻው ጎን ተቀምጧል። በዚህ ማኅበር ደንቡ ጠንካራ ነው፤ ጽዋው ተገልጦ እስኪከደን ድረስ ሴቶቹ የሚጠራሩት በክርስትና ስማቸው ብቻ ነው፤ በዓለም ስሟ የተጠራች ሴት ለማርያም ጧፍ ትቀጣለች። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴዋ፣ ወይዘሮ ሣህሊቱ ናቸውና ጨርቁን ገለጡ፤ እያንዳንዷ ተራ በተራ ስሟን አለች፤ እሳቸውም ለእያንዳንዷ «ትባርክሽ» አሉ። ተራው ሠርካለም ጋ ሲደርስ ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ወለተ ሐና» አለች።

«ትባርክሽ» አሉ ወይዘሮ ሣህሊቱ፣ ትንሽ ዘግይተው።

ሻምበል አስፋው የመጣው ፀሐይዋ ከጣራዎቹ ላይ ልትለቅ ስትል ነው። በአንድ እጁ ባርኔጣውን፣ በሌላው አንድ እስር ጧፍና የስኳር ከረጢት ይዟል። ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ፣

«እንኳን ለኅዳር ጽዮን አደረሳችሁ» አለ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ይግቡ» አሉ ወይዘሮ ሣህሊቱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው። ጽዋውን ተሳለመ። ሱዋ ተቀዳለት። ጥሩ ሱዋ ነው አለ፤ የእናቴን ጠላ አስታወሰኝ አለ። የእንግዳ ጨዋታ ያውቃል። ከዚያ ዋንጫውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣

«ሠርኪ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነሽ? ከእናቶችሽ ጋር አታስተዋውቂኝም?» አላት።

ሠርካለም ተነሣች። ከየት እንደምትጀምር ሳታውቅ ከበሩ አጠገብ ጀመረች።

«እሳቸው ፍቅርተ ማርያም ናቸው። እሳቸው ወለተ ሥላሴ። ባለ ቤቷ ወለተ ጽዮን። ይቺ ወለተ ገብርኤል ናት።» ሳጥኑ ጋ ደረሰች። «እሳቸው ወለተ ሰንበት ናቸው።»

ሻምበሉ ፈገግታው አልጠፋም፤ ባለበት ደረቀ እንጂ። «እኔ እንኳ የቤት ስማቸውን ነበር።»

«ጽዋው ክፍት ነው፣ ጋሼ። በሌላ ስም አይጠራም።»

«እውነቷን ነው» አሉ ወይዘሮ ሣህሊቱ። «ደንብ ነው። የእርስዎስ ማን ነው፣ ሻምበል?»

እናት ያሳደገው ሰው ነው፤ በጽዋ ፊት ይህን ሲጠየቅ ዝም ማለት አልቻለም። «ኃይለ ጊዮርጊስ» አለ።

«ትባርክዎ።»

ሱዋውን ተጎነጨ። የቤቱን ሰው አንድ በአንድ አየ። «ከመካከላችሁ አንዷ ድምፀ መረዋ ናት ሲባል ሰምቼ ነበር» አለ። «ለበዓሉ አንድ መዝሙር አታሰሙኝም?»

ሠርካለም የራሷን እሑድ በሰው አፍ ሲነገር ሰማች። ዘቢብ ጣቶቿን እያየች ነበር።

«እኔ ነኝ እሷ!» ብላ ኣምለሰት ብድግ አለች። ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የማርያምን መዝሙር በዚያ በዛገ ድምፅ ለቀቀችው። ላይ ልትወጣ ስትል ተሰነጠቀ፤ ታች ስትወርድ ጠፋ፤ እሷ ግን እጆቿን ዘርግታ እስከ መጨረሻው ሄደችበት። አንደኛዋ ባልቴት ነጠላዋን አፏ ላይ አፈነች። ሌላዋ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስትጨርስ ወይዘሮ ሣህሊቱ ፊታቸው ሳይፈታ «ሻምበል፣ ስልክ ቤት የቀጠሯት ለዚህ ድምፅ ነው» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሻምበል አስፋውም ሳቀ። እየሳቀ ባርኔጣውን አነሣ። የተሳለቁበት መሆኑን ያውቃል፤ በጽዮን ማርያም ዕለት፣ ገና የፌዴሬሽኑ መፍረስ አዋጅ ትኩሳቱ ሳይበርድ፣ አምስት ሴት ከማኅበር አስነሥቶ በዓባ ሻውል መካከል ቢነዳ ሠፈሩ ነቅሎ እንደሚወጣም ያውቃል። የታዘዘው አንዲትን በጸጥታ እንዲይዝ ነው።

«ሸኚኝ፣ ሠርኪ።»

ግቢው ውስጥ ፊቱን አዞረላት። ሳቁ አልነበረም።

«አንዲት ሴት እንድታሳዪኝ ነው የጠየቅኩሽ። ለእህቴ ልጅ ብዬ በበዓል ቀን እንዲህ ያለ ቀላል ነገር።»

«ጋሼ...»

«ልጆቹ መንገዱ ላይ ያድራሉ። ጠዋት ጂፕ እልካለሁ። እስከዚያ ዘቢብ የትኛዋ እንደሆነች ከላክሽብኝ ኮሌጅሽን ትማሪያለሽ፣ እዚህም ትኖሪያለሽ። ካልላክሽ ዕቃሽን ጭነሽ እኔ ዘንድ ትገቢያለሽ፤ ከወታደር ሰፈሩ ግቢ ደግሞ ያለ እኔ ፈቃድ አትወጪም። እነዚያን ሴቶች ደግሞ እንዲህ በወግ አልጠይቃቸውም።» ባርኔጣውን አደረገ። «በዚህ አገር ሌላ ዘመድ የለሽም። እሱን አትርሺ።»

ስትመለስ ሳቁ ሞቷል። ሁሉም ያዩአታል። የጠበቀችው ምስጋና ባይሆንም አንድ ነገር ነበር፤ ያንን ግን ማንም አልሰጣትም። ሻምበሉ ያላትን ስትነግራቸው ከባልቴቶቹ አንዷ በትግርኛ «ነገ ከሱ ዘንድ ከገባች ሁላችንንም ይዛ ነው የምትገባው» አለች። ሠርካለም ትግርኛዋ እስከዚህ ድረስ ደርሷል፤ ባይደርስ በወደደች።

«እዚህ ትቅር» አለች ኣምለሰት። «እንደብቃታለን።»

«የት? አልጋ ሥር?» አሉ ወይዘሮ ሣህሊቱ። «ልጅቷን ፍለጋ ቤቱን ይገለብጡታል።»

ዘቢብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ቃሉን እንደ ድንጋይ አንድ በአንድ ታስቀምጣለች። «ልጅቷ ምን ትላለች? እሷን ማንም አልጠየቀም።»

ሠርካለም ጽዋውን አየችው። ገና አልተከደነም። ለሚቀጥለው ወር የሚወስደው ሰው አልተጠራም።

«ጽዋውን እኔ ልውሰደው» አለች።

«ቤት የለሽም እኮ» አለች ኣምለሰት።

«አለኝ። ጠዋት ግቢ የተባልኩበት ቤት አለኝ፤ ዛሬ እገባለሁ። ጽዋ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ማኅበርተኛው ሁሉ ተከናንቦ፣ እየዘመረ እስከ ባለ ጽዋው ቤት ይሸኘዋል። እናንተስ አገር እንዲህ አይደለም?»

ዘቢብ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

«ጽዋ የያዘ ሰው በማርያም ፊት ገብቷል» አሉ ወይዘሮ ሣህሊቱ ቀስ ብለው። «ይህን ቤት በልብሽ ይዘሽ ከነሱ ጋር ልትኖሪ ነው። አስጨንቀው ቢጠይቁሽስ?»

ሠርካለም እጆቿን ለጽዋው ዘረጋች።

ወይዘሮ ሣህሊቱ ጽዋውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ከነጨርቁ አስታቀፏት። ከባድ ነበር።

መንገዱ አፍ ላይ ከሦስቱ ወታደሮች አንዱ፣ አሥር አለቃው፣ የለውዝ ገለባውን ከጭኑ አራግፎ ተነሣ። «ወዴት ነው?»

«ጽዋ ነው» አለች ሠርካለም፣ መዝሙሩ ከኋላዋ ሳይቋረጥ። «ሻምበል አስፋው ቤት ነው የሚሄደው። የእህቱ ልጅ ነኝ። ባለ ጽዋዋ እኔ ነኝ።»

አሥር አለቃው ሴቶቹን አየ፤ ሁሉም እስከ ቅንድባቸው ተከናንበዋል። ብቻዋን የምትወጣ ሴት ካየ እንዲከተል እንጂ ማርያምን እንዲያስቆም አልታዘዘም። ባርኔጣውን አውልቆ ጽዋውን ተሳለመ። «እህቴ፣ መንገዱ በሰው ተጨናንቋል» አለ። «አንተ፣ ቅደምና መንገድ አስለቅቅላቸው!»

እንዲህ ሆነና አንድ ወታደር ፊት ፊት እየሄደ «ዞር በሉ፣ ጽዋ ነው!» እያለ መራቸው። የብረት ቀጥቃጮቹ ገበያ መደበር ለበዓሉ ዝግ ነው፤ ያ ሁሉ መዶሻ ጸጥ ብሏል። ከሌላ ማኅበር የሚመለሱ፣ እነሱም ጽዋ የሚሸኙ ሴቶች ከፊት መጡ፤ ሁለቱ መዝሙር ተገናኝቶ ነጠላ ከነጠላ ተቀላቀለ። ሠርካለም ዞር ብላ አላየችም። ሲለያዩ ግን ከኋላዋ አንድ ድምፅ፣ ያ ቤቱን ጸጥ የሚያሰኘው ድምፅ፣ ጎድሎ ነበር፤ የቀረው መዝሙር ሰውነቱ ቀጠነባት።

ከዚያ ባልቴቶቹ ደከማቸውና ተመለሱ። ወይዘሮ ሣህሊቱ ፌርማታው ጋ ቆሙ፤ ግንባሯን ስመው፣ «ጓለይ» ብለው፣ ከዚያ በላይ ሳይሉ ተመለሱ። የወታደር ሰፈሩ አጥር ሲታይ ወታደሩም «እንግዲህ ደረሳችሁ» ብሎ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ኣምለሰት ብቻ ቀረች። ቁጣዋ አልወጣላትም፤ ዓይኗ ግን አብጧል።

«ስልክ ብትደውዪ የማነሣው እኔ ልሆን እችላለሁ» አለች። «ድምፄን እንደማታውቂው ሁኚ።»

«እንዴት አድርጌ? ያንን ድምፅ?»

ኣምለሰት ልትስቅ ነበር። አልሳቀችም። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ገና ልጅ ነው። ጽዋውን ሲያይ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መልሶ ተሳለመ። ስሟን ሲሰማ «ሻምበል ለጠዋት ነበር ያሉን» እያለ የብረት በሩን ገፋ። «ከአገር ከወጣሁ ጽዋ አይቼ አላውቅም። ማኅበሩ መቼ ነው?»

«በታኅሣሥ ሃያ አንድ።»

«እዚህ ውስጥ?» ግራ ገባው፤ ሊያስቀይማትም አልፈለገም። «እህቴ፣ እዚህ እኮ የውጭ ሰው አይገባም።»

«አውቃለሁ» አለችና ገባች።